ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፉት አሥራ አንድ ቦታዎች

ባለቤቴ ዋሽንግተን መሐል ከተማ በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ 26 ዓመት ሠርቷል። ከምድር በታች፣ ፀሐይ በማይደርስበት፣ ከአንድ ሰው በላይ በማትይዝ የመስታወት ክፍል ውስጥ። የዚያች ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ደንበኛ የሰጠው የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ነበር። ዓመቱ ካለፈ በኋላም አላወረደውም፤ የጁላይ ወር ገጽ ላይ የማቹ ፒቹ ፎቶግራፍ ነበረበትና። ከዚያ ወዲያ እዚያ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ጁላይ ነበር።

እኔ ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነርስ ረዳት ነበርኩ። ስመግባቸውና ሳጥባቸው ጡረታ ሲወጡ ሊያዩአቸው አስበው የነበሩትን አገሮች ይነግሩኛል። አንዷ እናት በየጠዋቱ ስለ ግብፅ ታወሩኝ ነበር፤ አልሄዱም። ማታ ቤት ስገባ ይህንኑ ለባለቤቴ እነግረዋለሁ። አንድ ምሽት በዕቁብ ደብተር ወረቀት ጀርባ ላይ የራሳችንን ጻፍንና ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍነው፦ ማቹ ፒቹ፣ ኢየሩሳሌም፣ ላሊበላ፣ ሮም፣ ቬኒስ፣ ፓሪስ፣ ፒራሚዶቹ፣ ቪክቶሪያ ፏፏቴ፣ ኪዮቶ፣ የቻይና ግንብ፣ ሃዋይ። አሥራ አንድ ቦታ። ወረቀቱ ከማቀዝቀዣ ወደ ማቀዝቀዣ ሦስት ጊዜ ተዛውሯል።

ይህን የምጽፈው ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋና እንደኛው ማቀዝቀዣቸው ላይ ወረቀት ለለጠፉ ሰዎች ነው። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እየጠራሁ እሄዳለሁ፤ ቲኬትም ቪዛም በዚያው ስለሆነ።

ስለ ገንዘቡ ረጅም ወሬ የለኝም። ዕቁብ ከገባን ሃያ ዓመት አልፎናል። አንዱ ዕጣ የወንድሜ ሕክምና ሆነ፣ ሌላው የልጆች ኮሌጅ፣ ሌላው የእናቴ ተዝካር። በ2021 የገባነውን ግን «የጉዞ» ብለን ስም አወጣንለት። ወሬው እንደወጣ የሰፈራችን ሰው አልማረንም። «እትዬ፣ አገር ቤት አንድ ክፍል እንኳን ሳትሠሩ ፔሩ?» ያለችኝ ልጅ አለች። መልስ አልሰጠኋትም፤ ለእኔም ጥያቄው ነበረብኝ። ያን ሁሉ ዓመት የተጓዝነው ወደ አዲስ አበባ ብቻ ነው፤ በሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ግማሹ የሰው አደራ። አደራ ያልያዘ ሻንጣ መያዝ በራሱ ኃጢአት ይመስለኝ ነበር። ይህ ስሜት የሚይዛችሁ ካላችሁ፣ ይዟችሁ እያለ ተነሡ። እስኪለቃችሁ ከጠበቃችሁ ጉልበታችሁ ቀድሞ ይለቃችኋል።

የመጀመሪያው ጉዞ ለእሱ ሆነ፤ ጁን 2022፣ ፔሩ። ወቅቱን አልተሳሳትንም፤ እዚያ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ያለው ጊዜ ደረቅ ነው። የተሳሳትነው በኩራት ነው። ልጃችን «አባዬ፣ ከፍታ ስለሚያመጣው በሽታ ሐኪም አማክር» ብላው ነበር። «ልጄ፣ እኔ ደሴ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ከፍታ የሚያስፈራው ፈረንጅን ነው» አላት። እኔም ሳቅሁ። የታመመ ሰው ስጠብቅ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሴት ነኝ፤ ግን ሳቅሁ።

ሊማ ከውቅያኖስ ጠርዝ ያለች ከተማ ናት። ከዚያ በአውሮፕላን ተነሥታችሁ ከአንድ ሰዓት ከምናምን በኋላ ኩስኮ ትወርዳላችሁ፤ 3,400 ሜትር ላይ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ ኩስኮ ከእሷ በላይ 900 ሜትር ትቆለላለች። ደግሞስ እሱ ደሴን የለቀቀው ስንት ዘመኑ ነው? ሰውነት ከፍታን የሚለምደው በቀናትና በሳምንታት ነው፤ ቆላ ወርዶ ሲቀመጥም እንዲሁ በሳምንታት ይረሳዋል። ባለቤቴ ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከባሕር ወለል እምብዛም ባልራቀች ከተማ፣ ያውም ከምድር በታች፣ ኖሯል።

በደረስንበት ቀን ሻንጣችንን ጥለን ዳገታማውን ሰፈር ልናይ ወጣን። ሥጋ በላ፣ ቢራ ጠጣ። ማታ ራሱን አመመው፤ «የመንገድ ድካም ነው» አለ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በድምፅ ነቃሁ። ደረቱ ውስጥ ጀበና የሚንተከተክ ይመስል ነበር። መብራት ሳበራ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ተቀምጦ ነው የሚተነፍሰው። ይህን ድምፅ ከሥራዬ አውቀዋለሁ፤ ሳንባ ውስጥ ውኃ ሲገባ ነው እንዲህ የሚያሰማው። የሆቴሉ ዘበኛ ኦክስጅን ይዞ ሮጦ መጣ፤ እዚያ አገር ሆቴሎች ለእንግዳ ማዘጋጀት ልማዳቸው ነው። እየነጋ ሲሄድ ክሊኒክ ገባን፤ ሁለት ሌሊት አደርን። ሐኪሙ መድኃኒትም ኦክስጅንም ከሰጠው በኋላ የተናገረው አንድ ቃል ነው፦ ውረዱ።

ሒሳቡን በክሬዲት ካርድ ከፈልን። «ሜዲኬር አለን» ብለን ነበር የወጣነው። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡኝ። ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጪ የተደረገ ሕክምናን አይከፍልም። ሜዲጋፕ ከሚባሉት ተጨማሪ መድኖች አንዳንዶቹ ለውጭ አገር ድንገተኛ ሕክምና 80 በመቶ ይሸፍናሉ፤ ያውም የመጀመሪያውን 250 ዶላር ራሳችሁ ከከፈላችሁ በኋላ፣ ከአገር በወጣችሁ በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ውስጥ ለጀመረ ሕመም፣ በዕድሜ ልክ ከ50,000 ዶላር ላልበለጠ ወጪ። ሁሉም ዓይነት ግን ይህን አያካትትም፤ የውላችሁን ወረቀት አውጡና እዩ። በሽተኛን በአውሮፕላን የማጓጓዝ ወጪ ለብቻው የሚገዛ መድን ይፈልጋል፤ ለዚህ ገንዘብ አትሳሱ። እኛ የሳሳነው ለሁለታችን አንድ እራት በማትሞላ ገንዘብ ነበር።

ወደ ማቹ ፒቹ መግቢያው ቲኬት ስም፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ነው። እኛ ክሊኒክ ሳለን ቀኑ አለፈ። ሌላ ቀን ስንጠይቅ እኛ እዚያ በምንቆይበት ጊዜ ውስጥ ቦታ አልነበረም። ወደ ሸለቆው፣ ኦያንታይታምቦ ወደምትባል ከተማ ወረድን፤ 2,800 ሜትር ናት። ባቡሩ ወደ ማቹ ፒቹ የሚነሣው ከዚያ ነው። ባለቤቴ አደባባዩ ላይ ተቀምጦ ተራራው ላይ እንደ ደረጃ የተሠራውን የጥንት ሰዎች የድንጋይ እርከን ሲያይ ዋለ። የባቡሩ ፊሽካ ሲሰማ ከቦርሳው አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ያ የጁላይ ገጽ ነው። ጡረታ ሲወጣ ገንጥሎት ኖሯል፤ እኔ አላውቅም ነበር። አየው፣ አጠፈው፣ መለሰው። እኔም ያላየሁ መሰልኩ።

በኋላ የተማርኩት ይበልጥ አበሳጨኝ። ማቹ ፒቹ ራሱ 2,430 ሜትር ላይ ነው ያለው፤ ከኩስኮ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ከአዲስ አበባ እምብዛም አይበልጥም። አደጋው መዳረሻው ላይ ሳይሆን መንገዱ ላይ ነው። ኩስኮ አውሮፕላን ማረፊያ እንደወረዳችሁ ከተማው ሳታድሩ በመኪና በቀጥታ ወደ ሸለቆው ውረዱ፤ እዚያ ሁለት ሦስት ቀን ቆዩ፤ ማቹ ፒቹን እዩ፤ ኩስኮን መጨረሻ ላይ። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማችሁ ጋር ቅረቡ፤ ለከፍታ አስቀድሞ የሚወሰድ መድኃኒት አለ፤ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይስማማ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። ቅርሱ ግቢ ውስጥ መጸዳጃ ቤት የለም፤ ያለው ከመግቢያው ውጪ ነው፤ በእኛ ዕድሜ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የሚያጠጧችሁን የኮካ ሻይ እዚያው ጠጡት እንጂ ለማስታወሻ ብላችሁ አትያዙ፤ ቅጠሉን ወደ አሜሪካ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው።

ከዚያ ደንግጠን ወደ ሌላው ጠርዝ ወደቅን። ሁሉን የሚያስብልን ሰው ይኑር ብለን ኦክቶበር ላይ የአውቶቡስ ጉብኝት ገዛን፤ አሥራ ሁለት ቀን፣ አምስት ከተማ። ፓሪስን አየሁ? አየሁ ልበል። የማስታውሰው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሻንጣ በር ላይ ማውጣትን ነው። ቬኒስ አውቶቡስ አይገባባትም፤ ከአራት መቶ በላይ ድልድይ አላት፣ አብዛኛው በደረጃ የሚወጣና የሚወረድ፤ ሻንጣ እየጎተቱ ድልድይ መውጣት ምን እንደሆነ ጉልበቴ እስከ ዛሬ ያስታውሳል። እዚያ የምትሄዱ፣ ትልቁን ሻንጣ ከደሴቲቱ ውጪ አስቀምጡና ለሁለት ቀን የሚሆን ልብስ ብቻ ይዛችሁ ግቡ፤ ማረፊያችሁንም ጀልባው ከሚቆምበት አጠገብ ፈልጉ።

ከሁሉ የቆጨኝ ሮም ነው። የአክሱም ሐውልት በ1937 ተወስዶ የቆመበት፣ እስከሚመለስበት ጊዜ ድረስ የኖረበት ቦታ እዚያ ነው። ሐውልቱ በ2005 አገሩ ገብቷል። ባለቤቴ ባዶውን ቦታ ለማየት ፈለገ። «ባዶውን?» አለችው አስጎብኚዋ። «አዎ፣ ባዶውን ነው የምፈልገው» አላት። አሥር ደቂቃ ለመናት። በፕሮግራሙ ውስጥ የለም ተባለ፤ አውቶቡሱ በዚያው አካባቢ አለፈና ለቆዳ ዕቃ መሸጫ አርባ ደቂቃ ቆመ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው በሰዓት የቆረጠውን ጉዞ ገንዘብ ከፍዬ አልገዛም።

ክረምቱን ቤት ተቀምጠን ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው አወረድነው። ልጃችን አጠገባችን ቁጭ ብላ እያንዳንዱን ቦታ በጣቷ እየነካች «ይህ የማን ነው?» ትላለች። ኪዮቶ የማን ነው? ተያየን። የማንም አልነበረም፤ አንድ ፎቶግራፍ አምሮብን የጻፍነው ነው። ሃዋይ የጎረቤታችን ነበረች፤ እሷ ሄዳ መጥታ ስላወራች። የቻይና ግንብ ባለቤቴ ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት የሰማው ነው፤ አሁን ግን ሽቅብ የሚወጣ ደረጃ ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። እነዚህን ሰረዝን። ቀሪዎቹ አጠገብ ሦስት ነገር ጻፍን፦ ስንት ደረጃ አለው፣ በየትኛው ወር ነው የሚኬደው፣ ከማን ጋር።

ቅደም ተከተሉንም ገለበጥነው። ቀላሉን አስቀድመን አስቸጋሪውን «ረጋ ስንል» ብለን ነበር የያዝነው። ረጋ ስንል የምንሆነው ሰባ አምስት ዓመት ነው! ዳገት፣ ደረጃና ረጅም በረራ ያለባቸው ይቅደሙ፤ ተቀምጦ የሚታይ ባሕርና ከተማ የትም አይሄድም። በነገራችን ላይ ዕድሜ ስል የወረቀቱን ማለቴ አይደለም። በእኛ ዘመን በስደት የመጣ ሐበሻ ግማሹ ጃንዋሪ 1 የተወለደ ነው፤ እኔም አለሁበት። ለጡረታ ቢሮው የወረቀቱን ንገሩ፤ ጉዞ ስታቅዱ ግን እናታችሁ የነገረቻችሁን ቁጠሩ።

ኤፕሪል 2023 ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ሄድን። ይህ የእኔ ነበር፤ ደረጃው ብዙ ስለሆነ አስቀደምነው። ከወራት በፊት ከቤታችን አጠገብ ባለው መናፈሻ ዳገት መውጣት ጀመርን፤ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ፣ ኋላ አንድ ሰዓት። የአሮጌው ከተማ መንገድ ብዙ ዘመን የተረገጠ ድንጋይ ነው፤ እንደ መስታወት ያንሸራትታል። የጎማ ሶል ያለው ጫማ ካላደረጋችሁ ከቤት አትውጡ። ዓርብ ፀሐይ ከመግባቷ በፊት ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ማታ አውቶቡሱና ባቡሩ ይቆማል፤ ቀዳም ሥዑር ደግሞ ፖሊስ መንገዶቹን ዘግቶ የሚያስገባውን ሰው ቁጥር ይወስናል። ስለዚህ ማረፊያችሁ በእግር የሚደረስበት ይሁን። እኛ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ካለችበት፣ የኢትዮጵያ ጎዳና ከሚባለው ሰፈር አጠገብ አረፍን። አክፍሎት ለምትይዙ አንድ ነገር ልበል፤ መድኃኒት ከምግብ ጋር የምትወስዱ ከሆነ ከመነሣታችሁ በፊት ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም አማክሩ። እኔ ሳልጠይቅ ይዤ፣ ስቅለት ዕለት ሰልፍ ላይ ዓይኔ ጨለመብኝ፤ አንዲት ሩሲያዊት አሮጊት ናቸው በክንዳቸው ደግፈው ጥላ ሥር ያስቀመጡኝ።

ባለቤቴ ከፔሩ ወዲህ ሐኪሙ ከዘራ እንዲይዝ ቢመክረውም እምቢ ብሎ ነበር። «ከዘራ ይዤ ፎቶ ልነሣ?» ይለኛል። ቅዳሜ ማታ ዴር ሱልጣን ወጣን፤ የቅዱስ መቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ፣ መነኮሳቱ የሚኖሩበት የጭቃ ቤት የመሰለ ትንንሽ ክፍል ያለበት ቦታ። ከበሮው ይመታል፣ ሰዉ ነጠላውን ለብሶ ጧፉን ይዞ ይዞራል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ባለቤቴ ሲንገዳገድ አንድ አባት አይተውት መቋሚያቸውን ዘረጉለት። እምቢ ሊል ሲል «ያዝ ልጄ፤ ይህ ለመቆም ነው እንጂ ለእርጅና አይደለም» አሉት። ያዘው። በዚያ ላይ ተደግፎ እስከ ሌሊቱ ቆመ። ሰኞ ዕለት ራሱ ገበያ ወጥቶ ከወይራ እንጨት የተሠራ ከዘራ ገዝቶ መጣ፤ እኔ አልጠየቅሁትም፣ እሱም አላብራራም።

ከዚያ ወዲህ ጦርነቱ መጣ። አሁን ለመሄድ የምታስቡ ከመነሣታችሁ በፊት የምትኖሩበት መንግሥት የሚያወጣውን የጉዞ ማስጠንቀቂያ አንብቡ፤ መድናችሁ ጦርነት ባለበት አካባቢ የሚሠራ መሆኑንም ጠይቁ፤ ብዙዎቹ አይሠሩም። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁም ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ከጉዞው በፊት በኢንተርኔት ፈቃድ መውሰድ አለባችሁ። ፓስፖርታችሁንም ደጋግማችሁ ተመልከቱት፤ ብዙ አገሮች ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ካልሆነ አያስገቡም። ቲኬቱ ላይ ያለውም ስም ፊደል በፊደል እንደ ፓስፖርታችሁ ይሁን፤ የአባትና የአያት ስም እየተቀያየረ ስንት ሐበሻ በር ላይ ቀርቷል።

ላሊበላን ለ2024 የገና በዓል ይዘነው ነበር። ቢጫውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አሳደስን፣ ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ ለመስማት። በኦገስት 2023 በአማራ ክልል ውጊያው ተባባሰ። ተውነው። ስለ ላሊበላ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

በዚያ ፈንታ አንድ ወር ሙሉ አንድ ከተማ ውስጥ እንቀመጥ ብለን፣ ዝርዝራችን ላይ ያልነበረች ከተማ መረጥን፤ ስፔን ውስጥ ቫሌንሲያ። ምክንያታችን ተራ ነው፤ ሜዳ ናት። በ1957 ቱሪያ የሚባለው ወንዝ ከተማዋን ካጥለቀለቃት በኋላ ወንዙን ወደ ሌላ ቦይ አዙረው አሮጌውን መሄጃ መናፈሻ አደረጉት። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ያለ መኪና፣ ያለ ዳገት፣ በዛፍ ጥላ ሥር። ባለቤቴ ከዘራውን ይዞ ጠዋት ይወጣል፤ አንዳንዴ ለምሳ ነው የሚመለሰው። በማርች አጋማሽ ርችትና መድፍ የሚመስል ፍንዳታ የማያባራበት በዓል ስላላቸው፣ እሱ ካለቀ በኋላ ማርች 21 ቀን ገባን። ሁዳዴ ነበር። ኦርቻታ የሚሉት ነጭ መጠጥ ወተት መስሎኝ ሦስት ቀን ሳልቀምሰው አለፍኩ፤ ለካስ ከመሬት ውስጥ ከሚወጣ ፍሬ የሚጨመቅ የጾም መጠጥ ነው። ያለፉኝን ሦስት ቀናት አካክሼዋለሁ።

የቤት ኪራይ ስትዋዋሉ ሊፍት መኖሩን በጽሑፍ አረጋግጡ። እኛ «አንደኛ ፎቅ» ሲሉን እንደ አሜሪካኖቹ ምድር ቤቱ መስሎን ነበር። አገራችን እያለን አንደኛ ፎቅ ማለት ከምድር ቤት በላይ እንደሆነ እናውቅ ነበር፤ አሜሪካ አስረሳችን። ሱቅ ውስጥ የካርድ ማሽኑ በዶላር ልክፈል ወይስ በዩሮ ብሎ ሲጠይቃችሁ ዩሮውን ምረጡ፤ በዶላር ስትሉ ምንዛሪውን ራሳቸው በሚመቻቸው ይቆርጡታል። በሸንገን አገሮች፣ ስፔንን ጨምሮ በአንድ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ያለ ቪዛ የሚገባ ሰው ከየትኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው የሚቆየው፤ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ብትሻገሩም ቆጠራው አንድ ነው።

ቫሌንሲያ የጎደላት አንድ ሰው ነበር፤ ታላቅ እኅቴ። አዲስ አበባ 35 ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረች ጡረተኛ ናት። ከእኛ ጋር አንድ ወር እንድትቀመጥ ቲኬቷን ገዛን፤ ከዚያ ቪዛ ጠየቀች። ተከለከለች። «ትመለሳለች ብለን አላመንንም» ነው ያሉት ምክንያት። የቲኬቱ ገንዘብም ቀረ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዛችሁ ወይም ዘመድ ለምታስመጡ፦ የሸንገን ቪዛ ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ይጠየቃል፤ ቲኬቱን ግን ቪዛው እስኪወጣ ቦታ አስይዙ እንጂ አትክፈሉ። ስልክ ስደውልላት «ተዪው፣ በካርታ አውቀዋለሁ» አለችኝ።

ይህ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ማቀዝቀዣው ላይ አዲስ ወረቀት ለጠፍኩና ከላይ የጻፍኩት የቦታ ስም አልነበረም፤ የእሷን ስም ነው። ከሥሩ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ የሚገባባቸውን አገሮች መዘርዘር ጀመርኩ። ሩቅ ሳልሄድ ኬንያ ላይ ቆምኩ።

ጃንዋሪ 2025 ናይሮቢ ተገናኘን፤ በባቡር ሞምባሳ ወረድን። እሷ ከቢጫ ወባ ክትባት ካርድ በቀር ያስፈለጋት ነገር አልነበረም፤ እኛ ነን በኢንተርኔት ፈቃድ የጠየቅነው። ባሕሩ ዳር ወባ ስላለ ሦስታችንም መከላከያ ኪኒን ወሰድን። ደገኛ ነኝ፣ አውቀዋለሁ እንዳትሉ፤ ከኩስኮ በኋላ እኔ ቤት ይህ ንግግር ተከልክሏል። የሆቴሉን ሰው ባሕሩ የሚመጣበትንና የሚሸሽበትን ሰዓት ጠይቁ፤ ውኃው ሲሸሽ ብዙ ርቆ ስለሚሄድ፣ ሰዓቱን ሳታውቁ ብትወጡ የምታገኙት ድንጋይና ጭቃ ነው።

በመጀመሪያው ጠዋት ገና ሳይሞቅ ወጣን። እኅቴ 69 ዓመቷ ነው፤ ባሕር አይታ አታውቅም። በ35 ዓመት ውስጥ ስንት ውቅያኖስ በሰማያዊ ጠመኔ ሥላለች! ምጽዋ በሚኬድበት ዘመን ልጅ ታሳድግ ነበር፤ በኋላ ደግሞ መንገዱ ተዘጋ። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች። ባለቤቴ ከዘራውን ሲሰጣት ያለ አንዳች ማንገራገር ተቀበለችውና ማዕበሉ እግሯን እስኪነካት ቆመች። ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም።

«እትዬ፣ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ድምፁን» አለች፣ «ድምፁን ለተማሪዎቼ አልነገርኳቸውም።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ በጣቷ ነከር አደረገችና ቀመሰችው፤ ፊቷን አጨማደደች፤ ደግማም ቀመሰችው።